ፊልሙ ያሳየን፣ ሳይንሱ ያላለው

ስለ ሳይንስ በሚነሳ ወሬ መካከል «እኔ ፊልም ላይ አይቼዋለሁ» የሚል ሰው አይጠፋም። ስለ ዳይኖሰር መልክ፣ ስለ ወረርሽኝ አነሳስ፣ ስለ ጠፈርና ስለ ሰው ልጅ አመጣጥ በአእምሯችን የተቀረጸው ምስል ከየት እንደመጣ ብንመረምር፣ ብዙዎቻችን ከመማሪያ መጽሐፍ ይልቅ ስክሪን ፊት የተቀመጥንባቸውን ሰዓታት እናገኛለን። ሰሞኑን ደግሞ ነገሩ ሌላ መልክ ይዟል። በሰው ሠራሽ አስተውሎት፣ ማለትም ከእልፍ አእላፍ ምስሎች ተምሮ አዲስ ምስል በሚያመርት የኮምፒውተር ፕሮግራም፣ የተሠሩ ቪዲዮዎች በየስልኩ ይዘዋወራሉ። የሌለ እንስሳ በሌለ ውቅያኖስ ሲዋኝ በረጋ የተራኪ ድምፅ ታጅቦ ይታያል። ተመልካቹ ያየው ሳይንስ ይሁን ፈጠራ የሚለይበት ምልክት በእጁ የለም።

በዚህ ግራ መጋባት መሐል ሁለት ምክሮች ጎልተው ይሰማሉ። አንደኛው «ሳይንቲስቶች ታሪክ መተረክ ይማሩ፤ ሕዝቡ ቁጥር ሰልችቶታል» ይላል። ሁለተኛው «ሳይንስን ለፊልም ሠሪ አሳልፎ መስጠት ማበላሸት ነው፤ ልብ አንጠልጣይ ታሪክና እውነት አብረው አይዘልቁም» ይላል። ሁለቱም የሚጠቅሱት ማስረጃ አላቸው። ሁለቱም ግን ሥዕልና ታሪክ የጫኑባቸውን ሁሉ እንደሚሸከሙ ይዘነጋሉ። እውነቱንም ስህተቱንም በእኩል ጉልበት ተሸክመው አእምሮ ውስጥ ያራግፉታል። ጥበብ ወደ ሳይንስ ትግባ አትግባ እያሉ መከራከር ብዙም አያራምድም። የሚያራምደው ምን ተሸክማ ብትገባ ይሻላል ብሎ መጠየቅ ነው። (እዚህ የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ ጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር ናቸው።)

## ለሕዝቡ የጎደለው ምንድን ነው?

ሳይንስን ወደ ሕዝብ የማድረስ ሥራ ለረጅም ጊዜ የቆመው ተመራማሪዎች «የጉድለት እሳቤ» በሚሉት መሠረት ላይ ነበር። እሳቤው ሕዝቡን እንደ ባዶ ዕቃ ያየዋል። ሰዎች ሳይንስን የሚጠራጠሩት ስለማያውቁ ነው፤ እውቀት ሲቀዳላቸው ጥርጣሬው አብሮ ይሄዳል ይላል።

ይህ አስተሳሰብ ውሃ እንደማያነሳ ካሳዩት ጉዳዮች አንዱ በሰሜን ምዕራብ እንግሊዝ፣ በካምብሪያ ኮረብታዎች የደረሰው ነው። በ1986 የቼርኖቤል የኑክሌር ኃይል ማመንጫ ሲፈነዳ የተነሳው ራዲዮአክቲቭ ሲዚየም፣ ማለትም ጎጂ ጨረር የሚያመነጭ ንጥረ ነገር፣ በነፋስ ተጉዞ፣ ከዝናብ ጋር እነዚያ ኮረብታዎች ላይ ወረደ። መንግሥት የበጎችን ዝውውርና እርድ አገደ፤ እገዳው ሦስት ሳምንት እንደሚቆይም ተነገረ። የባለሙያዎቹ ስሌት ሸክላማ አፈር ሲዚየምን አጥብቆ ስለሚይዝ ወደ ሣሩ ተመልሶ አይገባም በሚል ላይ የተመሠረተ ነበር። የኮረብታዎቹ አፈር ግን ያልበሰበሰ የዕፅዋት ቅሪት የሞላበት አሲዳማ አፈር ነው። እንዲህ ባለ አፈር ሲዚየም አይታሰርም፤ ከአፈር ወደ ሣር፣ ከሣር ወደ በግ፣ ከበግ መልሶ ወደ አፈር ይመላለሳል። ሦስቱ ሳምንታት ዓመታት ሆኑ። የመጨረሻዎቹ እገዳዎች የተነሱት በ2012 ነው።

የሶሲዮሎጂ ተመራማሪው ብራያን ዊን ገበሬዎቹን ሲያነጋግር ያገኛቸው ሰዎች መሬታቸውን፣ የበጎቻቸውን ግጦሽና የአካባቢውን አየር ጠንቅቀው የሚያውቁ ነበሩ። ያስቆጣቸው ባለሙያዎቹ በሙሉ እርግጠኝነት ተናግረው መሳሳታቸው፣ ደግሞም የእነርሱን እውቀት ለመጠየቅ አለመፈለጋቸው ነው። አንድ ሰው በዚያን ጊዜ ስለ ሲዚየም የተዋበ አጭር ፊልም ሠርቶ ቢያሳያቸው ምንም አይለወጥም ነበር። የፈለጉት «እንዴት አወቃችሁ?» ለሚለው ጥያቄ መልስ ነው። ብዙ የሳይንስ ፊልም የሚዘለውም ይህንኑ ጥያቄ ነው።

## ታሪክ አእምሮ ላይ የሚሠራው ሥራ

ስለ ታሪክ ጉልበት ሲነሳ «ስሜት ይነካል» ብሎ ማለፍ የተለመደ ነው። ሥነ ልቦና ጠለቅ ያለ ማብራሪያ አለው። ሜላኒ ግሪንና ቲሞቲ ብሮክ በ2000 ባሳተሙት ጥናት፣ አንባቢ በታሪክ ሲመሰጥ ትኩረቱም ስሜቱም ምናቡም አንድ ላይ ወደ ታሪኩ ዓለም እንደሚሄዱ፣ እምነቱም ከታሪኩ ጋር ወደሚስማማ አቅጣጫ እንደሚያዘነብል አሳዩ። የተመሰጠ ሰው መከራከሪያ መፈለጉን ይቀንሳል። ንግግር ሲያዳምጥ «ማስረጃህ የታለ?» የሚለው ያው ሰው፣ ታሪክ ሲያዳምጥ «ከዚያስ?» ይላል።

ይህ ጉልበት ለበጎ ሲውል ውጤቱ በቁጥር ሊታይ ይችላል። በ1993 የታንዛኒያ ሬዲዮ «ትዌንዴ ና ዋካቲ» የተሰኘ ተከታታይ ድራማ ስለ ቤተሰብ ምጣኔና ስለ ኤች አይ ቪ ማሰራጨት ጀመረ። የዶዶማ አካባቢ ማሠራጫ ግን ለሁለት ዓመታት በዚያ ሰዓት ሌላ ዝግጅት እንዲያስተላልፍ ተደረገ። ዓላማው ድራማው የደረሳቸውን አካባቢዎች ካልደረሳቸው ጋር ማነጻጸር ነበር። ድራማው በተሰማባቸው አካባቢዎች የቤተሰብ ምጣኔ ተጠቃሚዎች ቁጥር ከዶዶማው በበለጠ አደገ።

የአሠራሩ ዘዴ ከሜክሲኮ የተወረሰ ነው። የቴሌቪዥን ድራማ አዘጋጁ ሚጌል ሳቢዶ በ1970ዎቹ ባዳበረው ስልት፣ ድራማው ውስጥ መልካም ምሳሌ የሚሆን ሰው አለ፤ መጥፎ ምሳሌ የሚሆን ሰው አለ፤ በሁለቱ መካከል የሚዋልል ሦስተኛ ሰውም አለ። ትምህርቱን የሚሸከመው ይህ ሦስተኛው ነው። አድማጭ ራሱን የሚያገኘው በሚጠራጠረው፣ በሚሳሳተው፣ ሌሎችን ጠይቆ ቀስ በቀስ በሚወስነው ሰው ውስጥ ነው። ከመጀመሪያው ትዕይንት ጀምሮ ሁሉን የሚያውቅ ሐኪም መክሮ የሚያልፍበት ድራማ ይህን ሥራ አይሠራም። ብዙ «ትምህርታዊ» ተብለው የሚዘጋጁ ድራማዎች የሚወድቁት እዚህ ላይ ይመስለኛል፦ ዋላዩን ሰው ትተው መካሪውን ብቻ ያስቀራሉ።

ይኸው ጉልበት ስህተትንም ያጸናል። አንድሪው በትለርና ባልደረቦቹ በ2009 ባሳተሙት ጥናት፣ ተማሪዎች ስለ አንድ ታሪካዊ ጉዳይ የተጻፈ ትክክለኛ ጽሑፍ አነበቡ፤ በዚያው ጉዳይ ላይ ከተሠራ ፊልም የተወሰደ ቁራጭም አዩ። ፊልሙ ከጽሑፉ ጋር በተስማማበት ቦታ ተማሪዎቹ ያነበቡትን ይበልጥ አስታወሱ። በተቃረነበት ቦታ ግን በግማሽ ያህል ጊዜ የፊልሙን ስህተት ትክክለኛ መልስ አድርገው ሰጡ። ትክክለኛውን ጽሑፍ ያነበቡ ሰዎች ናቸው! «ፊልም አንዳንዴ ይሳሳታል» የሚል አጠቃላይ ማስጠንቀቂያ እምብዛም አልረዳቸውም። የረዳቸው «በዚህ ትዕይንት ይህ ነገር እንዲህ ቀርቧል፤ እውነቱ ግን እንዲህ ነው» የሚል ነጥቡን ለይቶ የሚናገር ማስጠንቀቂያ ነው። ጥናቱ በታሪክ ፊልሞች ላይ ቢደረግም ለሳይንስ ፊልም የማይሠራበት ምክንያት አይታየኝም። በፊልም መጨረሻ በደቃቅ ፊደል የሚያልፈው «አንዳንድ ነገሮች ተለውጠዋል» የሚል ጽሑፍ ለምን ዋጋ እንደሌለውም ያስረዳል።

## የሠዓሊ ዓይንና የኪሮሽ ክር

የሁለቱም ወገን ተከራካሪዎች ጥበብን ሥራው ካለቀ በኋላ የምትመጣ አስዋቢ ያደርጓታል። ሳይንቲስቱ ያገኛል፤ ሠዓሊው ያሳምራል። የሳይንስ ታሪክ ግን ሌላ ነገር ይናገራል።

በ1609 በጋ እንግሊዛዊው የሒሳብ ሊቅ ቶማስ ሃሪዮት ቴሌስኮፑን ወደ ጨረቃ አነጣጥሮ ያየውን በወረቀት አሰፈረ። ንድፉ እስከ ዛሬ አለ፦ ብርሃኑን ከጨለማው የሚለይ የተወላገደ መስመርና ጥቂት የጠቆሩ ቦታዎች። ከወራት በኋላ ጋሊሊዮ ያንኑ ጨረቃ አየ። በብርሃንና በጨለማ ድንበር አጠገብ፣ ከጨለማው ወገን ገባ ብለው ብቻቸውን የሚያበሩ ነጥቦች ነበሩ። ሰዓት በገፋ ቁጥር እየሰፉ ሄደው ከብርሃኑ ጋር ይጋጠማሉ። ጋሊሊዮ እነዚህን ነጥቦች የጎህ ብርሃን ቀድሞ የሚያገኛቸው የተራራ ጫፎች አድርጎ አነበባቸው። ከድንበሩ የሚርቁበትን መጠን ይዞም የተራሮቹን ከፍታ አሰላ። በ1610 ባሳተመው መጽሐፍ ጨረቃ ለስላሳ ሉል መሆኗ ቀርቶ ሸለቆና ተራራ ያላት ዓለም ሆነች።

ጋሊሊዮ የሥዕል ትምህርት የነበረው ሰው ነው፤ በኋላም የፍሎረንስ የሥዕል አካዳሚ አባል ሆኗል። አንዳንድ የጥበብ ታሪክ ጸሐፊዎች ጥላ የቅርጽ ምስክር መሆኑን ያወቀው ከሥዕል ነው፤ ሃሪዮት ያላየውን ያሳየው ይህ ነው ይላሉ። ሌሎች ደግሞ የሃሪዮት ቴሌስኮፕ ስድስት እጥፍ ብቻ ያቀርብ እንደነበር፣ የጋሊሊዮ ግን ሃያ እጥፍ ያህል ያቀርብ እንደነበር ያስታውሳሉ። መነጽሩ ልዩነት ማምጣቱ የማይካድ ነው። ሆኖም ነጥብ ማየትና ነጥቡን እንደ ተራራ ማንበብ ሁለት የተለያዩ ሥራዎች ናቸው፤ ሁለተኛውን ሌንስ አይሠራውም።

በእኛ ዘመን ከዚህ የሚቀራረበው ታሪክ የተሠራው በክር ነው። ሃይፐርቦሊክ ጂኦሜትሪ የሚባል የሒሳብ ዘርፍ አለ። በጠፍጣፋ ወረቀት ላይ ከአንድ ቀጥተኛ መስመር ውጭ ባለ ነጥብ በኩል፣ መስመሩን ፈጽሞ የማይነካ አንድ መስመር ብቻ ይሰመራል። በሃይፐርቦሊክ ገጽ ላይ ግን እንዲህ ያሉ መስመሮች ቁጥር ስፍር የላቸውም። ይህ ገጽ በእጅ ሊዳሰስ በሚችል ዕቃ ለመሥራት አስቸጋሪ ነበር፤ በወረቀት የተሠሩት ሞዴሎች በቀላሉ ይቀደዳሉ። በ1997 የሒሳብ ምሁሯ ዳይና ታይሚና በኪሮሽ ሠራችው። ዘዴው ቀላል ነው። በየረድፉ የተወሰነ ቁጥር ያለው ጥልፍ በተሠራ ቁጥር አንድ ጥልፍ ይጨመራል፤ ጭማሪው በዚያው ምጣኔ ይቀጥላል። ረድፉ ከቦታው በላይ ይረዝምና ጠርዙ እየተጨማደደ፣ እየተጥመለመለ ይሄዳል። በላዩ ላይ መስመሮችን በሌላ ቀለም ክር ሰፍቶ፣ የማይገናኙትን መስመሮች በጣት እየተከተሉ ማየት ይቻላል። ኮራል ከሚባሉት የባሕር እንስሳት አንዳንዶቹ ይህንኑ ቅርጽ ይይዛሉ። መንትዮቹ እህትማማቾች ማርጋሬትና ክሪስቲን ወርታይም በ2005 የጀመሩት፣ የባሕር ውስጥ የኮራል ክምችትን (ሪፍን) በኪሮሽ የሚሠራ ሥራ በብዙ ከተሞች በሺህ የሚቆጠሩ ሰዎችን አሳትፏል። ሥራው ላይ የተቀመጠ ሰው ሒሳቡን ከማንም አፍ አልሰማም፤ በገዛ እጁ አውጥቶታል።

እንግሊዛዊቷ ነርስ ፍሎረንስ ናይቲንጌል በ1858 ያሳተመችው የክራይሚያ ጦርነት ሥዕላዊ መግለጫም ከዚሁ ወገን ነው። ሊከላከሉት በሚቻል በሽታ የሞቱትን ወታደሮች የሚያሳየው ሰማያዊ ክፍል በቁስል የሞቱትን ከሚያሳየው ቀይ ክፍል እጅግ ገዝፎ ይታያል። በሰንጠረዥ ውስጥ ተቀብሮ የኖረውን ቁጥር ሹማምንት በአንድ እይታ እንዲያዩት አደረገችው።

## የማይፋቅ ሥዕል

ጥበብ ሲሳካላት ይህን ታደርጋለች። ሲስትስ? በ1965 በታተመ አንድ የታወቀ መጽሐፍ ላይ ሠዓሊው ሩዶልፍ ዛሊንገር የሰው ዘር የቀድሞ ዘመዶችን ከግራ ወደ ቀኝ በሰልፍ ሲራመዱ ሣላቸው። ከኋላ ያለው ጎብጧል፤ ፊተኛው ቀጥ ብሎ የሚሄድ ዘመናዊ ሰው ነው። አብሮ የታተመው ጽሑፍ ነገሩ በአንድ መስመር የተጓዘ እንዳልነበር ይናገራል። ጽሑፉን ያነበበው ጥቂት ነው፤ ሥዕሉ ግን ዓለምን አዳረሰ።

«ሰው ከዝንጀሮ ከመጣ ዝንጀሮዎች ለምን እስካሁን አሉ?» የሚለው ጥያቄ የዚህ ሥዕል ልጅ ነው ማለት ይቻላል። በሰልፍ ላይ ላለ ሰው ጥያቄው ትክክል ነው፤ ሰልፈኛው ወደፊት ከሄደ በኋላ የቀድሞ ቦታው ባዶ መሆን አለበትና። ሳይንሱ የሚለው ግን ስለ ሰልፍ አይደለም፤ ስለ ዛፍ ነው። የሰውና የቺምፓንዚ የጋራ ዘመድ ከ6 እስከ 7 ሚሊዮን ዓመታት ገደማ በፊት ኖሮ፣ ከእርሱ ሁለት ቅርንጫፎች ወጥተዋል። ሁለቱም በየራሳቸው መንገድ ተለዋውጠዋል፤ ሁለቱም ዛሬ በሕይወት አሉ። ቺምፓንዚ አያታችን ሳይሆን የአጎታችን ልጅ ነው። ይህን በቃል ማስረዳት ሁለት ደቂቃ አይፈጅም። ሰልፉን ከአእምሮ ማውጣት ግን ሌላ ሥዕል ይጠይቃል። ሥዕል በቃል አይሻርም።

በ1993 የወጣው ጁራሲክ ፓርክ ሌላው ምሳሌ ነው። ፊልሙ ላይ ቬሎሲራፕተር የተባለው ዳይኖሰር የሰው ቁመት ያለው፣ ቆዳው የለሰለሰ አዳኝ ነው። እውነተኛው ቬሎሲራፕተር ወገቡ ከመሬት ግማሽ ሜትር ያህል ብቻ ከፍ የሚል ትንሽ እንስሳ ነበር። በ2007 በክንዱ አጥንት ላይ የላባ መትከያ ጉብታዎች ተገኝተዋል። ፊልም ሠሪዎቹን ስለ ላባው መውቀስ ፍትሐዊ አይሆንም፤ ወፍ ያልሆነ ባለ ላባ ዳይኖሰር ለመጀመሪያ ጊዜ የታወቀው ከፊልሙ ሦስት ዓመት በኋላ፣ በ1996 ነው። የሚያሳስበው ከዚያ ወዲህ የሆነው ነው። በ2015 የወጣው የተከታታዩ ፊልም እውቀቱ በእጅ ላይ እያለ ዳይኖሰሮቹን አሁንም ያለ ላባ አመጣቸው። የመጀመሪያው ፊልም ሥዕል ተመልካቹ የሚጠብቀው «እውነት» ሆኗልና፣ ትክክለኛው መልክ ቢመጣ ሐሰት ይመስል ነበር።

ፊልሙን የሚደግፉ ሰዎች ደግሞ በእርሱ ምክንያት የጥንታዊ ሕይወት ጥናትን የወደደው ወጣት ብዛት ሊዘነጋ አይገባም ይላሉ። ሚዛን የሚደፋ መከራከሪያ ነው። ፍላጎት የሌለው ሰው የሚታረምለት ስህተትም የለውም። ነገር ግን ፍላጎት መቀስቀስና የተሳሳተ ቅርጽ መትከል አብረው መምጣት የግድ እንደሆነ ያረጋገጠ ማንም የለም።

## የዘጋቢ ፊልም ልብስ

ልብ ወለድ ፊልም ቢያንስ ልብ ወለድነቱን ይነግረናል። ይበልጥ የሚያሳስበው የዘጋቢ ፊልምን ልብስ የለበሰ ፈጠራ ነው። ዘጋቢ ፊልም የራሱ የእምነት ምልክቶች አሉት፦ የሚንቀጠቀጥ ካሜራ፣ ስማቸውና ማዕረጋቸው ከሥር የተጻፈላቸው ተናጋሪዎች፣ ካርታ፣ የሰከነ ድምፅ። በ2012 አንድ የአሜሪካ የቴሌቪዥን ጣቢያ በእነዚህ ምልክቶች ሁሉ ተጠቅሞ፣ ግማሽ ሰው ግማሽ ዓሣ የሆኑ ፍጡራን ስለመገኘታቸው የሚተርክ ፕሮግራም አቀረበ፤ ሳይንቲስቶቹ ተዋንያን ነበሩ። የአሜሪካ ብሔራዊ የውቅያኖስ አገልግሎት እንዲህ ያሉ ፍጡራን መኖራቸውን የሚያሳይ ማስረጃ ተገኝቶ አያውቅም የሚል መግለጫ አወጣ። በዓመቱ ሌላ ጣቢያ፣ ከሚሊዮኖች ዓመታት በፊት የጠፋው ሜጋሎዶን የተባለ ግዙፍ ሻርክ ዛሬም አለ የሚል ተመሳሳይ ፕሮግራም ለቀቀ።

ያኔ እንዲህ ዓይነቱን ማታለል ለመሥራት ገንዘብ፣ ተዋንያንና ካሜራ ያስፈልግ ነበር። ዛሬ ሰው ሠራሽ አስተውሎት ያንን ወጪ ወደ ባዶ አቅርቦታል። ጉዳቱ የባለሙያዎችንም በር አልሳተም። በ2024 አንድ የሳይንስ መጽሔት በዚህ መንገድ የተሠራ፣ የአይጥን አካል ትርጉም በሌላቸው ቃላት የሚሰይም ሥዕል የያዘ ጽሑፍ አትሞ በቀናት ውስጥ ሰርዞታል። የምስል ጥራት ከእንግዲህ ለእውነት ምስክር መሆን አይችልም። «ያማረ ስለሆነ ባለሙያ ሠርቶት ይሆናል» የምንልበት ዘመን አልፏል።

## ጊዜን ማሳጠር

ታሪክ በተፈጥሮው የሚቸገርባቸው ነገሮችም አሉ። ታሪክ ሰው፣ ግጭትና አጭር ጊዜ ይፈልጋል፤ የአየር ንብረት ለውጥ ግን አዝጋሚ ነው፤ አድራጊውም ብዙ ነው። በ2004 የወጣ አንድ ታዋቂ ፊልም የአትላንቲክ ውቅያኖስ የውሃ ዝውውር ቆሞ ዓለም በቀናት ውስጥ በበረዶ ስትዋጥ አሳየ። ዝውውሩ ሊዳከም መቻሉ የሚጠና ጉዳይ ነው፤ በቀናት መሆኑ ግን ከፊዚክስ ጋር ይጣላል። በአሜሪካ የተደረገ ጥናት ፊልሙን ያዩ ሰዎች ካላዩት ይልቅ ስለ ጉዳዩ መጨነቃቸውን አገኘ። ጭንቀቱ ግን ቀርፋፋ የሆነውን እውነተኛ አደጋ «ይህማ ምንም አይደል» ለሚል ንጽጽር ሊያጋልጥ ይችላል።

ሠዓሊው ኦላፉር ኤልያሶን እና የምድር ሳይንስ ተመራማሪው ሚኒክ ሮሲንግ ሌላ መንገድ መረጡ። በግሪንላንድ ካለ ፊዮርድ (በገደሎች መካከል ወደ የብስ ከገባ ጠባብ የባሕር ክንድ) የተወሰዱ 12 የበረዶ ግግሮችን በሰዓት ቅርጽ አደባባይ ላይ ደረደሩ፤ በ2014 ኮፐንሀገን፣ በ2015 የአየር ንብረት ጉባኤው ሲካሄድ ፓሪስ። ሰው በረዶውን ዳሰሰ፤ ጆሮውን አስጠግቶ በውስጡ ታፍኖ የኖረ ጥንታዊ አየር እየፈነዳ ሲወጣ አዳመጠ። ጊዜን ለማሳጠር ማንም አልዋሸም። በረዶው በራሱ ፍጥነት ቀለጠ። በረዶን ከዚያ ድረስ ማጓጓዝ ራሱ ካርቦን ይለቃል የሚል ትችት ተነስቷል፤ አዘጋጆቹም የልቀቱን መጠን አስልተው ይፋ አድርገዋል።

## ሻማውን ተከትሎ

ጥበብ ለሳይንስ መሸከም የምትችለው ከሁሉ የከበረ ጭነት የማወቂያው መንገድ ነው ብዬ አምናለሁ። ለዚህ ከእንግሊዛዊው ሳይንቲስት ከማይክል ፋራዴይ የተሻለ ምስክር አላገኘሁም። ፋራዴይ ለንደን ውስጥ ሮያል ኢንስቲትዩሽን በተባለው የሳይንስ ተቋም፣ በገና ሰሞን ለወጣቶች ከሰጣቸው ትምህርቶች መካከል ስለ አንድ ሻማ የተናገራቸው ስድስት ንግግሮች በ1861 በመጽሐፍ ታትመዋል።

ሻማውን ያጠፋል። ከክሩ ነጭ ጭስ ይነሳል። የበራ እሳት ከክሩ ጥቂት ጣት ርቆ ወደ ጭሱ ያስጠጋል፤ ነበልባሉ በጭሱ ላይ ሮጦ ወርዶ ሻማውን መልሶ ያበራዋል። የሚነደው ጠጣሩ ሰም ሳይሆን ወደ እንፋሎት የተለወጠው ሰም መሆኑን አዳራሹ በዓይኑ አየ። ቀጥሎ ከነበልባሉ በላይ ቀዝቃዛ ዕቃ ይይዛል፤ በዕቃው ላይ ጠብታ ይሰበሰባል። ከእሳት ውሃ! ያ ውሃ ከየት መጣ? ንግግሮቹ እንዲህ ጥያቄን በጥያቄ እየጎተቱ ሄደው፣ በመጨረሻ የሰው ትንፋሽና የሻማው መንደድ ተመሳሳይ የኬሚካል ሥራ መሆናቸው ላይ ይደርሳሉ። ልብ አንጠልጣይነቱ ከውጭ አልተጨመረም። ፋራዴይ የት እንደሚያደርስ ያውቃል፤ አድማጩ ግን እያንዳንዱን እርምጃ ራሱ አይቶ ይረግጣል። የካምብሪያ ገበሬዎች የተነፈጉት ይህንን ነበር።

ፊልምም ይህን ማድረግ ይችላል። በ2011 በወጣ የወረርሽኝ ፊልም ላይ አንዲት የወረርሽኝ ተመራማሪ ሰሌዳ ፊት ቆማ፣ አንድ በሽተኛ በአማካይ ለስንት ሰው እንደሚያስተላልፍ የሚለካውን ቁጥር ታብራራለች። ትዕይንቱ ታሪኩን አቁሞ ትምህርት የሚሰጥ አይደለም፤ ቀጥሎ ስንት ሰው እንደሚያዝ የሚወሰነው በዚያ ቁጥር ነው። የቫይረስ ተመራማሪው ኢያን ሊፕኪን ለፊልሙ አማካሪ ነበር። በአንጻሩ አማካሪ ታሪኩ ካለቀ በኋላ ሲጠራ የሚደርስለት የላቦራቶሪ ዕቃዎችን ስም ማረም ብቻ ነው። የአሜሪካ ብሔራዊ የሳይንስ አካዳሚ በ2008 የፊልም ጸሐፊዎችንና ሳይንቲስቶችን የሚያገናኝ ፕሮግራም መመሥረቱም ለዚሁ ነው። በእኔ ግምት ትክክለኛነት በየዝርዝሩ መጠየቅ የለበትም፤ ታሪኩ በሳይንሱ ላይ በሚዞርበት ቦታ ግን ድርድር ሊኖር አይገባም።

## ያልተመጣጠነው ቀለበት

ዝርዝሩን መተው መቼ ይፈቀዳል የሚለውን ጥያቄ ከጥቁር ጉድጓድ ምስል በላይ የሚፈትን የለም። ጥቁር ጉድጓድ ወይም ብላክ ሆል ስበቱ ከመበርታቱ የተነሳ ብርሃን እንኳ የማያመልጠው የጠፈር አካል ነው። በ1979 ፈረንሳዊው ዣን-ፒየር ሉሚኔ በዙሪያው ጋዝ የሚሽከረከርበት ጥቁር ጉድጓድ ምን ሊመስል እንደሚችል በካርድ በሚመገብ አሮጌ ኮምፒውተር አሰላ። ኮምፒውተሩ ቁጥር እንጂ ሥዕል አያወጣም። ሉሚኔ ቁጥሮቹን እየተከተለ በቀለም ነጠብጣብ፣ ነጥብ በነጥብ በእጁ ሣለው። በሥዕሉ ላይ አንዱ ወገን ደማቅ፣ ሌላው ደብዛዛ ነው። ጋዙ ወደ ተመልካቹ በሚመጣበት በኩል ብርሃኑ ይጎላል፤ በሚሸሽበት በኩል ይደክማል።

በ2014 የወጣው ኢንተርስቴላር ይህንን ምስል በፊልም አዳራሽ አሳየ። የፊዚክስ ሊቁ ኪፕ ቶርን ቀመሮቹን ጻፈ፤ የምስል ባለሙያዎቹ ፕሮግራም አደረጉት። የአንዳንዱ ፍሬም (የፊልሙ ነጠላ ምስል) ስሌት እስከ 100 ሰዓት ፈጀ። ከሥራው የተገኘው ውጤት በ2015 በፊዚክስ መጽሔት ታተመ፤ ፊልም ለሳይንስ መልሶ ሰጠ። ሆኖም የደማቁና የደብዛዛው ልዩነት ከፊልሙ ወጥቷል። ዳይሬክተሩ ክሪስቶፈር ኖላን ተመልካቹን ግራ እንዳያጋባ ብሎ ሁለቱንም ወገን እኩል አደመቀ። ባለሙያዎቹ ያልተቆረጠውን ምስል በጽሑፋቸው አሳይተዋል፤ ይህ ሐቀኝነት ሊመሰገን ይገባዋል። ነገር ግን ፊልሙን ያየው ሕዝብ ያንን መጽሔት አላነበበም። ተመልካቹን ግራ ያጋባል የተባለው ነገር ጋዙ እንደሚሽከረከር የሚናገረው ምልክት ራሱ ነበር። ግራ መጋባት የመጠየቅ መጀመሪያ ሊሆን ይችል እንደነበር ሳስብ ምርጫው ይቆጨኛል።

በሚያዝያ 2019 ከምድር 55 ሚሊዮን የብርሃን ዓመት በሚርቀው ኤም 87 በተባለ ጋላክሲ መሐል ያለው ጥቁር ጉድጓድ የመጀመሪያ ምስል ይፋ ሆነ። ብርቱካናማው ቀለም የተመረጠ ነው፤ ቴሌስኮፖቹ የያዙት 1.3 ሚሊሜትር ርዝመት ያለው የሬዲዮ ሞገድ ቀለም የለውም። ከቀለሙ በላይ ከባዱ ሌላ ነገር ነበር። በተለያዩ የዓለም ክፍሎች የተሰራጩት ቴሌስኮፖች የሰበሰቡት መረጃ ክፍተቱ ብዙ ስለሆነ፣ ከእርሱ ጋር የሚስማሙ ምስሎች ብዙ ሊሆኑ ይችላሉ። ተመራማሪዎቹ ደግሞ ጥቁር ጉድጓዱን የከበበ የብርሃን ቀለበት ይጠብቃሉ፤ ሥሌቱም ፊልሙም አሳይቷቸዋል። የሚጠብቁትን ቀለበት ራሳቸው እንዳይሥሉት ፈሩ። ስለዚህ በአራት ቡድን ተከፈሉ። ቡድኖቹ እርስ በርስ እንዳይነጋገሩ ተከልክለው፣ እያንዳንዱ ለብቻው ለሳምንታት ሠራ። በ2018 በጋ አንድ አዳራሽ ውስጥ ተሰብስበው አራቱን ምስሎች ጎን ለጎን ገለጧቸው። በአራቱም ላይ ቀለበት ነበር፤ በአራቱም ላይ የታችኛው ወገን ከላይኛው ይደምቅ ነበር።